«ደርቋል» የተባለው የእናቴ ዓይን

ባለፈው ወር ስለ ሽሮ አሠራር ጽፌ ብዙዎቻችሁ ሬስቶራንቱ ድረስ መጥታችሁ ተከራክራችሁኛል። ክርክሩን ወድጄዋለሁ፣ እንቀጥልበታለን። የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ ምግብ አይደለም፤ የሚጀምረው ከምስር ቢሆንም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም፣ በጁላይ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ማታ አንድ የቆየ ደንበኛችን ምስር ወጥ ሲበላ ጠጠር ነከሰ። ጥርሱ ደህና ነው፣ ተመስገን። ጨዋ ሰው ስለሆነ ጠርቶ በጆሮዬ ነው የነገረኝ። እኔ ግን ደነገጥኩ። የኛን ምስር የምትለቅመው እናቴ ናት። ያኔ 76 ዓመቷ ነበር። ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱ አጠገብ ከተቀመጠች፣ ሬስቶራንቱን ከከፈትን ጀምሮ አንዲት ጠጠር አምልጣት አታውቅም።

በማግስቱ ቆሜ አየኋት። ሰፌዱን አንዴ ወደ መስኮቱ፣ አንዴ ወደ አምፖሉ ታዞረዋለች። «እማዬ፣ ዓይንሽን ያምሻል እንዴ?» አልኳት። «ኧረ ምንም አልሆንኩ። ይሄ የናንተ አገር መብራት ነው ደካማ» አለችኝ።

እኔም በልቤ «ሞራ ነው» አልኩ። ለኛ ሰው የዓይን ሕመም ማለት ሞራ ነው። አንፈረድም፤ በአገራችን ብዙውን ሰው ዓይነ ስውር የሚያደርገው የዓይን ሞራ ነው። በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ያበቃል ብዬ ቀጠሮ ያዝኩላት።

የቀጠሮው ቀን ዓርብ ነበር። እኔ የሰርግ ካተሪንግ ነበረብኝ። ባለቤቴ ከበር አድርሷቸው ወደ ሥራው ሄደ፤ ከእናቴ ጋር የገባችው ልጄ ናት። ያኔ 13 ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ ነው፣ አማርኛዋም ለቤት የሚበቃ ነው። ሲመለሱ «ምን አሉ?» አልኳት። «ሞራው ትንሽ ነው፣ አያስቸግርም አሉ። ግን ዓይኗ ደርቋል አሉ። ፎቶ አነሷት። በ6 ወር ተመለሱ ብለዋል» አለችኝ።

ዓይን ከደረቀ መድኃኒቱ ጠብታ ነው። ከፋርማሲ አርቴፊሻል እንባ ገዛሁላት፣ ጠዋትና ማታ አደረግንላት። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

የ6 ወሩ ቀጠሮ ጃንዋሪ ላይ ነበር። እናቴ ግን ኖቬምበር ላይ የእህቷን ልጅ ልትድር አዲስ አበባ ሄደች፤ ገናንና ጥምቀትን እዚያው ልዋል አለች። ከክሊኒኩ ሲደውሉልኝ «አገር ውስጥ የለችም፣ ስትመጣ እንደውላለን» ብዬ ዘጋሁት። ለደረቀ ዓይን ማን ይቸኩላል? ጠብታዋን በቦርሳዋ ይዛ ሄዳለች።

በማርች ተመለሰች። አልደወልኩም። ጾም ነው፣ ሬስቶራንቱ በበያይነቱ ይጨናነቃል፣ «ከፋሲካ በኋላ» አልኩ። በሕማማት ሳምንት፣ ኪችን ውስጥ ሽንኩርት ስንከትፍ፣ እናቴ ግድግዳውን ትክ ብላ አየችና «ይሄ ግድግዳ መቼ ነው የጎበጠው?» አለችኝ። ግድግዳው ነጭ ሴራሚክ ነው፤ መስመሩ በውሃ ልክ የተለካ ነው። ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ከደነች። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «በዚህኛው ብቻ ሳይ ደግሞ መሀሉ የለም» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሬስቶራንቱን ለወንድሜ ትቼ ክሊኒኩ በር ላይ ነበርኩ።

ዶክተሯ በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አገናኘችን። እኔ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሬአለሁ፣ እንግሊዝኛም አያስቸግረኝም። ግን አስተርጓሚው በአማርኛ ሲናገር ነው ነገሩ የገባኝ። «ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የማኩላ ሕመም ነው። ባለፈው ደረቁ ዓይነት ነበር። አሁን ግራ ዓይናቸው ላይ ወደ እርጥቡ ተሻግሯል» አለን። ልጄ አልዋሸችም፤ ዶክተሯ በእርግጥ «ድራይ» ብላለች። ድራይ ያለችው ግን ስለ እንባዋ አልነበረም። የበሽታው ስም ነው።

እኔ ደረቅና እርጥብ የማውቀው በጥብስ ነው። ስለዚህ የተማርኩትን በኪችን ቋንቋ ላስረዳችሁ።

ሬቲና የሚባለው ዓይናችንን ከውስጥ፣ ከጀርባው በኩል የሸፈነ ስስ ሽፋን ነው። በድሮው ካሜራ ፊልሙ ማለት ነው። ማኩላ ደግሞ የሬቲናው መሀል ነው፤ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የምናስገባው፣ መጽሐፍ የምናነበው፣ የሰው ፊት የምንለየው፣ ጠጠርን ከምስር የምንለየው በዚያች ነው። ማኩላ ሲታመም ሰው ሙሉ በሙሉ አይታወርም፤ ዳር ዳሩ ይታየዋል፣ መሀሉ ነው የሚጠፋበት። መንገድ ላይ አይደናቀፍም፣ ሰላም ያለውን ሰው ግን አይለይም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «እናትሽ ኮሩብን እንዴ?» ያሉኝ ሴትዮ ነበሩ። ያኔ ስቄ ነበር ያለፍኩት።

ደረቁ ዓይነት ማለት፣ ከሬቲናው ሥር ድሩሰን የሚባል ቢጫ ዝቃጭ ሲጠራቀም ነው። ከጠረጴዛ ልብስ ሥር የተረሱ የምስር ፍሬዎችን አስቡ፤ ጨርቁ እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ይላል። ይሄ ዓመታት የሚፈጅ ቀስተኛ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ ምንም አይሰማውም። እርጥቡ ሌላ ነው። ከሥር ደካማ አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅሉና ፈሳሽና ደም ያንጠባጥባሉ። እንጀራ በእንጀራ ላይ ተደርቦ መሀሉ ወጥ ቢገባ የላይኛው እንደሚነሳው፣ ማኩላውም ይነሳል። ቀጥ ያለው መስመር ጎብጦ የሚታየው ለዚህ ነው። እርጥቡ በሳምንታት ውስጥ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ደረቁ ያለበት ሰው ሁሉ ወደ እርጥቡ ይሻገራል ማለት አይደለም፣ አብዛኛው አይሻገርም። ማን እንደሚሻገርና መቼ እንደሚሻገር ግን በመልክ አይታወቅም። ፎቶው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ፎቶው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከፊት ለፊት የሚነሳው ባለቀለም ፎቶ ነው። እንጀራን ከላይ እንደማየት ነው፤ ዓይኑን፣ ጠርዙን፣ ነጠብጣቡን ያሳያል። ሁለተኛው ኦሲቲ ይባላል። ድፎ ዳቦ ከላይ አምሮ ውስጡ ሊጥ ሊሆን ይችላል፤ የሚታወቀው ሲቆረጥ ነው። ኦሲቲ ቢላ ሳይነካው ሬቲናን ቆርጦ ንብርብሩን ያሳያል። በሺህ ሚሊ ሜትር ቤት የሚለካ ልዩነት ይለያል። የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ራጅ አይደለም፣ ጨረር የለውም። አገጭን ማስደገፊያው ላይ አድርጎ አንዲት መብራት ማየት ነው፤ ዓይን አይነካም፣ አያምም፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። መሣሪያውን ያስተዋወቀው ጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። አስፈላጊ ከሆነ ክንድ ላይ ባለ ደም ሥር ቀለም ተወግቶ የሚነሳ ፎቶም አለ። ከሱ በኋላ ቆዳ ቢጫ፣ ሽንት ብርቱካንማ ቢሆን አትደንግጡ፣ በአንድ ቀን ግድም ይለቃል።

ዶክተሯ የጁላዩንና የኤፕሪሉን ፎቶ ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን አደረገቻቸው። ማንበብ አያስፈልገውም ነበር። በጁላዩ ላይ ከታችኛው መስመር ሥር ጉብ ጉብ ያሉ ነገሮች አሉ፤ ከላይ ያለው ደህና ነው። በኤፕሪሉ ላይ ግን መሀል ላይ ጥቁር ክፍተት አለ፤ ፈሳሹ በኦሲቲ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። የላይኛው ንብርብር እንደ ድንኳን ተነስቷል።

ዶክተሯ አልወቀሰችኝም። «የጃንዋሪው ፎቶ ቢኖር ጥሩ ነበር» ብቻ ነው ያለችው። ፈሳሹ ጃንዋሪ ላይ ጀምሮ ነበር ወይ? ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ፎቶው የለማ! ያኔ በትንሹ ተይዞ ቢሆን ኖሮ የእናቴ ግራ ዓይን ዛሬ ከዚህ ይሻል ነበር ወይ? እሱንም አላውቅም። አሁንም ድረስ ሌሊት ሬስቶራንት ዘግቼ ስገባ የማስበው እሱን ነው።

ለእርጥቡ ዓይነት ሕክምና አለ። ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ነው፤ አዲሶቹ የደም ሥሮች እንዳያድጉና እንዳያንጠባጥቡ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። እናቴ ይሄን ስትሰማ «ዓይኔን በመርፌ? ሞቼ ነው!» ብላ ልትነሳ ነበር። መጀመሪያ የሚያደነዝዝ ጠብታ ያደርጋሉ፣ ዓይኑን ያጸዳሉ፣ በጣም ቀጭን መርፌ በነጩ በኩል ይገባል፣ በሴኮንዶች ያልቃል። ከወጣች በኋላ «አንቺን ስወልድ የቻልኩትን አየሁት እኮ፣ ይሄ ምን አለው» አለችኝ። ለሦስት ወር በየወሩ ተወጋች። ከዚያ በኋላ ቀኑን የሚወስነው ፎቶው ሆነ። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ኦሲቲ ይነሳል፣ ካለፈው ጋር ይተያያል፤ ፈሳሹ ከሌለ ቀጠሮው ይረዝማል፣ ፈሳሹ ከተመለሰ ያጥራል። አሁን በየ10 ሳምንቱ ደርሳለች።

ግድግዳው ቀና ብሏል ትላለች። በግራ ዓይኗ መሀል ላይ ግን ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል፤ በሱ ብቻ ማንበብ አትችልም። ቀኝ ዓይኗ ደረቁ ዓይነት እንደሆነ ነው፤ እሱም በየቀጠሮው ፎቶ ይነሳል። ምስሩን የምትለቅመው በሱ ነው። እኔም ከኋላዋ አንዴ አየዋለሁ። አልነግራትም፣ ግን የምታውቅ ይመስለኛል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለናንተ ልሰጣችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አንድ ፎቶ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚናገረው ካለፈው ጋር ሲተያይ ነው። ስለዚህ «ዛሬ ደህና አያለሁ» ማለት ከቀጠሮ ለመቅረት ምክንያት አይሆንም። አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል፤ ሁለቱን ገልጣችሁ ስታዩ የጎደለው አይታወቃችሁም። የእናቴም እንደዚያ ነበር።

ከዚህ ጋር ጥቂት የቤት ሥራ አለኝ።

የመጀመሪያው ስለ አስተርጓሚ ነው። እዚህ አሜሪካ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሐኪም ቤቶችና ክሊኒኮች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» በሉ። አስቸኳይ ነገር ካልሆነ በቀር ልጆችን አስተርጓሚ ማድረግን ሕጉ ራሱ አይደግፍም። ልጄ ነገሩን ካወቀች በኋላ ሁለት ቀን አለቀሰች። «የኔ ጥፋት ነው» አለች። ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ ያን ዕለት ካተሪንጌን ያስበለጥኩት እኔ ነኝ። የ13 ዓመት ልጅ መሸከም የሌለባትን አሸከምኳት።

ሁለተኛው፣ ፎቶው የናንተ ነው። ከተማ ስትቀይሩ፣ ኢንሹራንስ ስትቀይሩ፣ ሐኪም ስትቀይሩ፣ የድሮው ፎቶ ወደ አዲሱ ሐኪም እንዲላክ ጠይቁ። ያለበለዚያ አዲሱ ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል። አገር ቤት ለመሄድ ስታስቡ ደግሞ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። እናቴ ዘንድሮ የሄደችው በሁለት መርፌ መሀል ነው፤ ቀኑን የመረጠችላት ዶክተሯ ናት።

ሦስተኛው ስለ ገንዘብ ነው። ማኩላቸው ለታመመ ሰዎች ሜዲኬር ፓርት ቢ የተወሰኑ ምርመራዎችንና ሕክምናውን ይሸፍናል፤ የዓመቱ ዲዳክተብል ከተሟላ በኋላ 20 በመቶው የታካሚው ነው። መነጽር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «መነጽር አይሸፍንም ብለውኛል» ብለው ምርመራውንም የሚተዉ አሉ፣ አትሳሳቱ።

አራተኛው፣ «ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» ለምትሉኝ። እውነት ነው፣ በነጮች ላይ ከጥቁሮች ይልቅ ይበዛል። አይነካንም ማለት ግን አይደለም፤ እናቴን ነክቷታል። ግላኮማ ደግሞ በተቃራኒው በጥቁሮች ላይ ይበዛል፤ እሱም መጀመሪያ ላይ ድምፅ የለውም። ለአንዱ ስትሄዱ ሌላውም ይታያል። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች ማኅበር የሚመክረው፣ 40 ዓመት ሲሞላ አንድ ጊዜ ሙሉ ምርመራ፣ ከ65 በኋላ ደግሞ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ ነው። እኔም 50ውን ካለፍኩ በኋላ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየሁት፤ የመጀመሪያ ፎቶዬ ተቀምጧል።

አምስተኛው ስለ ሆድ ነው፤ ያለ ምግብ አልሰናበታችሁም። ጎመን ሉቲን የሚባል ለማኩላ የሚጠቅም ነገር አለው። ብሉ፣ እኔም እሸጣለሁ። ግን ጎመን ፎቶን አይተካም፣ መርፌንም አይተካም። ፋርማሲ የሚሸጠው «ኤሬድስ ሁለት» የሚባል የቫይታሚንና የዚንክ ክኒንም አለ፤ በሽታው መካከለኛ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው ወደ ከባዱ ደረጃ የመሻገርን ዕድል በ25 በመቶ ግድም እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ጤነኛ ዓይን ያለውን ሰው ግን ከበሽታው አይከላከልም፣ ስለዚህ ሐኪም ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ሲጋራ ለምታጨሱ ደግሞ፣ ለዚህ በሽታ በእጃችሁ ካለው ነገር ሁሉ ዋናው አጋላጭ እሱ ነው።

ልጆች፣ ይሄኛው የናንተ ነው። ሐኪም ቤት ማስተርጎም የናንተ ሥራ አይደለም ብያለሁ። ለአያቶቻችሁ ልትሠሩላቸው የምትችሉት ሌላ ነገር ግን አለ። ነጭ ወረቀት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ በማስመሪያ አስምሩ። ውስጡን በየግማሽ ሴንቲ ሜትሩ በመስመር ከፋፍሉት፣ ልክ እንደ ሒሳብ ደብተር። መሀሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አድርጉ። ይሄ የአምስለር ሰንጠረዥ ይባላል፤ ማርክ አምስለር በሚባል የስዊዘርላንድ የዓይን ሐኪም ስም የተሰየመ ነው። ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። አያታችሁ የማንበቢያ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ራቅ ብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ከድነው ነጥቡን ይዩ። ከዚያ ሌላውን። እናንተ ጠይቁ፦ «መስመሩ ጎብጧል? የተቆረጠ አለ? የጠፋ አለ?» አዲስ ነገር ካዩ ለወላጆቻችሁ ያኔውኑ ንገሩ፤ ሐኪሙ በዚያው ቀን ይደወልለት። እኔ እንደዚያ ዘመን «ከፋሲካ በኋላ» አትበሉ። ይሄ በፎቶ ቀጠሮዎች መሀል የሚደረግ ነው እንጂ ፎቶውን አይተካም።

ልጄ አሁን 15 ዓመቷ ነው። ዘወትር እሑድ ጠዋት ከቡናው በፊት አያቷን ፍሪጁ ፊት ታቆማለች። እናቴ «እንደ ፖሊስ መረመርሽኝ» እያለች ታጉረመርማለች። ግን ልጄ ከረሳች «ዛሬ አትጠይቂኝም እንዴ?» የምትለው ራሷ ናት።

የሚቀጥለው ፎቶዋ በዚህ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚያደርጉላት ለጥቂት ሰዓት በደንብ አይታያትም፣ የሚነዳላት ሰው ያስፈልጋታል። ስለዚህ ያን ዕለት ሬስቶራንቱ ለምሳ አይከፈትም። መጥታችሁ በሩ ተዘግቶ ካገኛችሁት አትቀየሙኝ፣ የት እንዳለሁ ታውቃላችሁ። እናንተም የወላጆቻችሁን ቀጠሮ ቀን ዛሬውኑ ተመልከቱልኝ።

በሚቀጥለው ወር ወደ ሽሮው ክርክር እንመለሳለን። እስከዚያው ደህና ሁኑልኝ።